ሰማንያው ሳይሞላ

ጠጋ በሉ። ይህን በዐውደ ምሕረት ቆሜ የምናገረው አይደለም። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ልብሰ ተክህኖው ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ፣ እኛ ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ሥር ቁጭ ብለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንነጋገረው ነው።

ቄስ ነኝ። ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። የንስሐ ልጅ የነገረኝን አላወጣም፤ እሱ ከኔ ጋር መቃብር ይወርዳል። የምነግራችሁ ዓይኔ ያየውንና እጄ የሠራውን ነው። መጥተው ብዙ ሳይቆዩ ስለሄዱት ሕፃናት ነው።

በኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት አገር ይሰማል። ጥሩምባ ይነፋል፣ አልቃሽ ይመጣል፣ ለታላቅ ሰው ከሆነ ፈረሱ ሳይቀር ተጭኖ ለቅሶው መሀል ይቆማል። ለሕፃን ግን ጥሩምባ የለም። ጎህ ሳይቀድ አንድ ሰው በሬን ይመታል። «መምሬ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ብዙ ዓመት የሰማው ሰው ከአንኳኳቱ ይለየዋል። ችኩል ከሆነ ልጁ በሕይወት አለ፤ «ክርስትና አንሱልን» ሊለኝ ነው። ሁለቴ ብቻ፣ እንደማፈር ብሎ ከመታ ግን ለግንዘት ነው የመጣው።

ባለቤቴም ትለየዋለች። ችኩሉን ስትሰማ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ እሳት ታያይዛለች፣ ውሃ ትጥዳለች። ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ ሥርዓት አይደለም። የኛ አገር የሌሊት ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ የታመመ የሃያ ቀን ልጅ እዚያ ውስጥ ሦስት ጊዜ ማጥለቅ እጅ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከምንጩ ውሃ ላይ የባለቤቴ ማሰሮ ይገለበጥበታል። ለብ ሲል ጸሎቱ ይጀመራል። ዲያቆኑ ጧፍ ይይዛል፣ የክርስትና አባት የሚሆነው ጎረቤት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ጋቢውን እንደተከናነበ ይቆማል። ውሃው ይባረካል፣ ልጁ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ክሩ አንገቱ ላይ ይታሰራል፣ ስም ይወጣለታል። አንዳንዱ ልጅ ያን ሌሊት አልፎ ዛሬ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ጎልማሳ ሆኗል። ገበያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መስቀል ይሳለማል፤ በዚያች ሌሊት እንዴት እንደነበር አያውቅም፣ እኔም አልነግረውም።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት። ብዙ ሰው የማያውቀው ወይም እያወቀ የሚተወው ሌላ ነገር አለ፦ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከመጣ ቀኑ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ቄሱን መቀስቀስ ነው። አባቶች ይህን ሲያስተምሩ የኖሩት ለዚሁ ነው። ታዲያ ለምን አይቀሰቅሱንም? አንዳንዱ ያፍራል፤ «መምሬ ማኅሌት አድረው ገና መተኛታቸው ነው» ይላል። ይበልጥ የሚከፋው ግን ፍርሃቱ ነው። ቄስ ከተጠራ ልጁ ሊሞት ነው ማለት ይመስላቸዋል። መጥራት ተስፋ መቁረጥ ይመስላቸውና «እስቲ እስከ ነገ እንየው» እያሉ ያድራሉ።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ እኔ ካወቅሁት ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ይኸው ቁጥር 166 ነበር፤ ስለ ለውጡ እግዚአብሔር ይመስገን። ከ67ቱ ግን 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ነው። ሐኪም ይህን ሲያነብ ሕክምናውን ያስባል። እኔ ቄሱ ያሰብኩት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ማለት ከአርባው በፊት ማለት ነው። ሴትማ ከሆነች ገና ሃምሳ ቀን ይቀራታል። አንድ ሰው ተነሥቶ በራችንን ካልመታ በስተቀር፣ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ስም ሳይወጣላቸው ያልፋሉ ማለት ነው።

ክርስትና የተነሣው ሕፃን ሲሞት ጸሎት አለው። በመጽሐፈ ግንዘታችን ለጳጳሱም፣ ለመነኩሴውም፣ ለካህኑም፣ ለሴቲቱም፣ ለሕፃኑም የየራሱ ክፍል አለ። የሕፃኑ ሲነበብ ሰው አጭር ነው ብሎ ያልፈዋል። ለኛ አጭር አይደለም። ትልቅ ሰው በቃሬዛ በብዙ ትከሻ ነው የሚሄደው፣ ሲደክማቸው ይለዋወጣሉ። ሕፃኑን አንድ ሰው በክንዱ ይይዘዋል፤ አጎቱ ወይም የክርስትና አባቱ። መግነዙ አንድ ክንድ ተኩል ነጠላ ቢሆን ይበቃዋል። ከኋላ እየሄድኩ ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር አለ። የያዘው ሰውዬ አንገቱን ይደግፈዋል። በመዳፉ ጭንቅላቱን ከሥር አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ እንዳይል፣ በሕይወት ያለን አራስ ልጅ እንደምንይዘው። ክንዱ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ጉድጓዱ አፍ ደርሶ እንኳ ቶሎ አይለቀውም፤ «ስጠኝ» ብሎ ሌላ ሰው መቀበል አለበት።

እናቲቱ እዚያ የለችም። ይህንን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? አራስ ናት፤ ቀኗ ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትመጣም። ልጇ የት እንደተቀበረ ሰው ይነግራታል እንጂ አላየችም። እኛ ቀብረን ስንመለስ እጃችንን ታጥበን ቤት እንገባለን፣ እሷ መደቡ ላይ ጡቷን በነጠላ አስራ ተቀምጣለች። ወተቱ ልጁ መሞቱን አያውቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ጎረቤት ሴቶች ይህን ያውቃሉ፤ ወንዶቹ ግን ደጅ ሆነን «ሕፃን እኮ መልአክ ነው፣ ምን ያስለቅሳል» እንባባላለን። እውነት ነው፤ የተጠመቀ ሕፃን ኃጢአት የለበትም። ግን ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው ለእሷ ሳይሆን ለራሳችን ነው፤ ዝምታው ስለሚከብደን።

ሽማግሌዎች ደግሞ ዳዊትን ይጠቅሳሉ። ንጉሡ ልጁ በሞተ ጊዜ ከመሬት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ተቀባ፣ በላ ይላሉ። ልክ ነው፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ አለ። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ይዘሉታል፤ ሕፃኑ ታሞ ሳለ ንጉሡ አልበላም፣ መሬት ላይ ነው ያደረው፣ የቤቱ ሽማግሌዎች ሊያነሡት ቢሞክሩ እንቢ ብሏል። ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ቁጥሩን ከልደቱ ከጀመርነው ግዝረት ሳይደርስለት ነው የሞተው፤ ግዝረት በስምንተኛው ቀን ነውና። ሆኖም ዳዊት አንድ ቀን እሱ ራሱ ወደ ልጁ እንደሚሄድ ተናገረ። ልጁ የትም የለም አላለም። እኔ ይህን ክፍል ቅኔ ቤት ሳለሁ ስንቴ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ የገባኝ ኋላ ነው።

ልጇ በሠላሳኛው ቀን የሞተባት እናት አርባው ሲሞላ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ? ብቻዋን ትመጣለች። የመንጻቱ ጸሎት ለእሷም ነውና። አንዲቱ መጥታ ደጁ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን ጠቅልላ በግራ ክንዷ ይዛዋለች። ዲያቆኑ ገና ልጅ ነው፣ ሕፃን የያዘች መሰለው። «የክርስትና አባቱ የት አሉ?» አላት። ወደ ክንዷ ዝቅ ብላ አየች። ነጠላውን እንደዚያ አድርጋ መያዟን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ፈታችና ለበሰችው። እኔ ጸሎቱን አነበብኩ፤ ስለ እናቲቱ የሚለውን አንብቤ ስለ ሕፃኑ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ዲያቆኑ ያን ቀን ከሄደች በኋላ ዕቃ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ለመጣች ሴት ራሴ ደጁ ድረስ እወጣለሁ፤ ለዲያቆን አልተውም።

ስለ አነጋገራችን አንድ ነገር ልናገር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አራስ ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ ደግ ቃል ነው፣ ልጁም ቢሞት እናቲቱ ተርፋለችና ይባላል። ልጇን ላጣችው ግን «ምትኩን ይስጥሽ» እንላታለን። ክፋት የለንም፣ መጽናኛ ነው። ሆኖም ለብዙ እናቶች ያ ቃል እንደ እሾህ ነው። በሬ ሲሞት ነው ምትክ የሚፈለገው። ኋላ ልጅ ሲወለድ ደግሞ ስሙ ምትኩ ይሆናል፣ ካሳ ይሆናል፣ ተካ ይሆናል፣ ማስረሻ ይሆናል። አገራችን በእነዚህ ስሞች የተሞላ ነው፤ እስቲ ጎረቤታችሁን ቁጠሩ። ከብዙ ማስረሻ ጀርባ አንድ የሞተ ልጅ አለ። እናቲቱ «ማስረሻ! ማስረሻ!» ብላ በቀን ሃያ ጊዜ ስትጣራ የምታስታውሰው ማንን ይመስላችኋል? መርሻ ይሁን ተብሎ የወጣ ስም ዕድሜ ልክ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይህን አልነቅፍም። ሕፃን ተዝካር አይወጣለትም፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ የትልቅ ሰው ነው። ሐውልት የለው፣ ፎቶ የለው። ስለዚህ በወንድሙ ስም ውስጥ ይኖራል።

ሌላም መኖሪያ አለው። እኛ ብቻ የምናየው ወረቀት ነው። ቅዳሴ ሳይገባ ምእመናን ስመ ክርስትና ጽፈው ይሰጡናል፤ የታመመ፣ የሞተ፣ መንገድ የሄደ። ዲያቆኑ ይሰበስብና ያመጣዋል። በደብተር ቅዳጅ፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ፣ አንዳንዴ በልጆች ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ነው። የታመመውንና የሞተውን ስንለይ አንዳንድ ስም ላይ እንቆማለን። «ወለተ ማርያም፣ የሁለት ዓመት» ይላል። ይህን ወረቀት ያመጡት እናት ዛሬ አሮጊት ናቸው፤ በምርኩዝ ነው የሚመጡት። ልጅቱ ብትኖር የልጅ ልጅ ታይ ነበር። እሳቸው ዘንድ ግን ሁልጊዜ የሁለት ዓመት ናት። ጽሑፉን የልጅ ልጃቸው ይጽፍላቸዋል፤ ማን እንደሆነች ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ወር በገባ በ21 እነዚህ እናቶች ከገጠሩ ሁሉ ወደ ትልቁ ደብር ወደ መርጡለ ማርያም ይወጣሉ። መርጡል በግእዝ አዳራሽ፣ ማደሪያ ማለት ነው። አለቃው ርእሰ ርኡሳን የሚባልበት፣ አብርሃና አጽብሓ መሠረቱት የሚባልለት ጥንታዊ ቦታ ነው። ግቢው ውስጥ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አለ፤ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባ እስካሁን ይታያል። ጎብኚ ሲመጣ ስለ ጠራቢዎቹ ይጠይቃል። እኔ ስለ እሷ ነው የማስበው። እሌኒ ልጅ አልወለደችም። በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች፣ የሰው ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ያን ሁሉ አበባ በድንጋይ ያስጠረበች ሴት እቅፏ ባዶ ነበር። እናቶቹ ይህን ታሪክ አያውቁትም፤ ጥላው ስላለ ብቻ ከግንቡ ሥር ዐረፍ ይላሉ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ክህነት በተቀበልኩ በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችልን። በስልሳኛው ቀን አሳላት። ሴቶቹ «እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ። ሌሎቹ ጡት እንቢ የምትለው ዓይን በልቷት ነው አሉ። በዚህ ሁለት ቀን ሄደብን። እኔ እቤት ነበርኩ፣ አየኋት። ስትተነፍስ ከጎድኖቿ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፤ ትንፋሿ የሮጠ ውሻ ትንፋሽ ይመስል ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ባለቤቴ «ክርስትናዋን አንሣት» አለችኝ። የሰው ልጅ ሲሆን ሌሊት ተነሥቼ የምሮጥ ሰው «ሰማንያው እኮ ሃያ ቀን አልቀረውም፤ በወጉ፣ በድግስ ትነሣለች» አልኳት። የክርስትናዋ ጠላ ጌሾው ተወቅጦ ነበር። በስልሳ ሦስተኛው ቀን፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ዐረፈች።

ፍትሐት አልነበራትም። ስም አልነበራትም፤ ማለቴ እናቷ ያወጣችላት የቤት ስም ነበራት፣ እሱን እዚህ አልጠራውም፤ የእናቷ ነው። በአገሩ ልማድ ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ከቅጽሩ ውጭ ነው የሚቀበረው። ወይራ ሥር ቆፈርኩላት። ራሴ ነኝ የያዝኳት። አንገቷን ደግፌ።

ስለ እንደነዚህ ሕፃናት ነፍስ ሰው ይጠይቀኛል። ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፤ ምሕረቱን በኔ ክንድ አልለካውም። የምለው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ጤና ኬላ ተሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀሚሷን አንስታ ጭቃውን የምትሻገር። አንድ ቀን ለሠፈሩ ስታስተምር ሰማኋት፦ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው ደግሞ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ደረቱ ከሥር የሚሰረጉድ ከሆነ የሚታደርበት አይደለም፣ ወደ ጤና ጣቢያ። ጡት እንቢ ካለ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ እንደዚሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ወይራው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። መድኃኒት ያለው፣ ስም ያለው ሕመም ነበር እኮ።

ስለዚህ አሁን ሌሊት ሲጠሩኝ ሁለት ሥራ እሠራለሁ። መጀመሪያ ስልኬን አውጥቼ የልጁን ደረት እያየሁ አንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ከዚያ አጠምቃለሁ። መስቀል አሳልሜ «በሉ ከዚሁ ሳትመለሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ጸበሉም ይደርሳል» እላቸዋለሁ። የጤና ሠራተኛዋም ክርስትና ያልተነሣ የታመመ ልጅ ስታይ ወደ ኔ ሰው ትልካለች። በጽሑፍ የተስማማነው ነገር የለም። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ ተገርመውብኝ ነበር፤ አሁን ሁለቱ እንደኔ መቁጠር ጀምረዋል።

ስለ ሾተላይም እንዲሁ ነው። ልጅ የማይበረክትላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ለዚህ ስንት ክታብ ተጽፏል፣ ስንት ብር ተከፍሏል! ለወንዱ ልጅ የሴት ጉትቻ ይደረግለታል፣ «አንቺ» እየተባለ ይጠራል፣ ሞት እንዳያውቀው። እናት ልጇን ለማትረፍ የማታደርገው የለም፤ አልስቅባትም። አንዳንድ ጊዜ ግን ነገሩ የደም ነው። የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፍና ተከታዮቹ ሊጎዱ ይችላሉ። አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ፤ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ከተወጋች የሚቀጥለውን ልጅ ይጠብቃል። እኔ ለንስሐ ልጆቼ ለነፍሰ ጡሮቹ ሁሉ «ደምሽን ተመርምረሻል?» እላለሁ። ቄስ ይህን መጠየቁ ያስደነግጣቸዋል፤ ይደንግጡ።

ከልጃችን ሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ተወለደ። ጎረቤቶች «ማስረሻ» በሉት አሉ። ባለቤቴ እንቢ አለች። «መርሳት አልፈልግም» አለች፤ ያን ብቻ። ሌላ ስም ወጣለት። ደህና ልጅ ነው፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ይማራል።

በገናና በጥምቀት መካከል ጥር 3 ቀን ሄሮድስ ያስገደላቸው የቤተልሔም ሕፃናት መታሰቢያ ነው። አሥራ አራት እልፍ ከአራት ሺህ ናቸው ይላሉ አባቶቻችን። ታላቅ በዓል ሆኖ አይከበርም፤ ገና አድክሞን፣ ለከተራ እየተዘጋጀን ነው የሚያልፈው። እኛ ደብር ግን ያን ቀን ጠዋት የሚመጡ ሴቶች አሉ። ዳቦ ይዘው ነው የሚመጡት። ማንም አልጠራቸውም፣ ማኅበር የላቸውም፣ እርስ በርስ ብዙ አይነጋገሩም። ከነሱ መካከል ልጇ ተጠምቆ የሞተባትም አለች፣ ሳይጠመቅ የሞተባትም አለች። የቤተልሔም ሕፃናትን በውሃ ያጠመቃቸው የለም፤ መምህራን ጥምቀታቸው የደም ነው ይላሉ። ልጄ ሰይፍ አላገኛትም፤ ከነሱ ጋር አላስተካክላትም። ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ አትጠይቅም። ሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች። ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ ከሌሎቹ ጋር ደጀ ሰላም ላይ ታስቀምጠዋለች።

ዘንድሮም መጣች። ዳቦው ተቆርሶ ለቆሎ ተማሪዎቹ ሲታደል፣ አንደኛው ትንሽ ልጅ፣ ደበሎውን እያስተካከለ፣ እንደ ልማዱ ሊመርቅ ስም ጠየቃት።

«እመይቴ፣ ለማን ልበል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች።

«ለሕፃናቱ በል፣ ልጄ።»